ኤሲውን አጥፉት

ጋሽ መድኃኔ ከዚህ ክፍል ቢሄዱልኝ ብዬ መመኘት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። ፒያሳ፣ ከውቤ በረሃ ብዙም ሳይርቅ፣ አንድ አሮጌ ፎቅ ሥር አንዲት ክፍል ለሁለት ተከራይተን እንሠራለን፤ እኔ ፎቶ ኮፒና ጉርድ ፎቶ፣ እሳቸው ኮምፒውተር። ቆጣሪያችን አንድ ነው። እሳቸው ትልቅ ፕሮሰሰር፣ ማለትም የኮምፒውተሩን አንጎል፣ ሊፈትኑ ሲነሱ የኔ ኮፒ ማሽን ካልጠፋ ብሬከሩ ይወርዳል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ "ከሪማ፣ አንዴ አጥፊልኝ" እባላለሁ፤ ወረፋ የያዘው ደንበኛ ወረቀቱን እንደያዘ እኔ ላይ ያፈጣል። ሰለቸኝ።

ውድ ፕሮሰሰር ሊገዛ ያሰበ ሰው መጀመሪያ እሳቸው ጋ ይመጣል። ዕቃው ብዙ ጊዜ ከዱባይ በሰው ሻንጣ ስለሚገባ፣ አንዴ ከተከፈተ መልሱልኝ የሚባል ነገር የለም። ጋሽ መድኃኔ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን አያዩም፣ ኢንተርኔት ላይ የተባለውንም አይሰሙም። "ሥራህን ይዘህ ና" ነው የሚሉት። ሕንፃ የሚነድፍ ሕንፃውን፣ ሰርግ የሚቀርጽ ሰርጉን ይዞ ይመጣል። ያንኑ ሥራ በሁለት ፕሮሰሰር አሠርተው የትኛው በምን ያህል እንደቀደመ ያያሉ፤ ከዚያ ልዩነቱ ገንዘቡን ያወጣል ወይም አያወጣም ይላሉ። በዚህ የተነሳ እኔም የማላውቀውን ሰው ሰርግ ስንቴ ታድሜያለሁ።

አምና ዓይናቸው ደከመ። የዓይን ግፊት ነው ተባሉ፤ መድኃኒቱ የቀረውን ያቆያል እንጂ የሄደውን አይመልስም። ፕሮሰሰሩ የሚቀመጥበት ማዘርቦርድ ላይ ያሉት ፒኖች ደግሞ እንደ ፀጉር የቀጠኑ ናቸው። አንዷ ከጎበጠች በወረንጦ ማቅናት ነው፣ ከተሰበረች ግን ዕቃው አለቀለት። አፍንጫቸው ማዘርቦርዱን ሊነካ እስኪደርስ ጎንበስ ብለው ሲፈልጉ ሳይ ፊቴን አዞራለሁ። በቅርቡ የሰው ዕቃ ሰብረው ምሳ ሳይበሉ ዋሉ። በዚህ ዕድሜ ሌላ ሥራ ማን ይሰጣቸዋል?

ሰመረ የመጣው ይሄኔ ነው። ቸርችል ጎዳና ላይ አዲስ የኮምፒውተር መደብር የከፈተ ወጣት ነጋዴ ነው፤ ጨዋ ነው፣ ሽቶው ብቻ ከሱ ቀድሞ ይገባል።

"ጋሼ፣ ከእንግዲህ ፒን ማቅናት የለም፣ ጎንበስ ማለት የለም" አላቸው። "መደብሬ ውስጥ ወንበርዎ ላይ ቁጭ ብለው ደንበኛ ሲጠይቅዎት ማስረዳት ብቻ ነው። ሰው እርስዎን ያምናል።"

በማግስቱ በአንድ ደንበኛ ሊሞክሩት ተስማሙ። እኔ በሐሳቤ ኮፒ ማሽኔን እሳቸው ጥግ አደረስኩት።

ቁልቁለቱን ይዣቸው የወረድኩት እኔ ነኝ፣ የመንገዱን ጠርዝ በደንብ አያዩትማ። ሄደው እንዳይመለሱ ለማረጋገጥም ጭምር ነው፤ ምን እደብቃለሁ።

መደብሩ በኤሲ ቀዝቅዞ ያብረቀርቃል። ደንበኛዋ ጽጌማርያም የምትባል የሰርግ ቪዲዮ የምታቀናብር ልጅ ናት። ዕቁብ ደርሷት ትልቁን ፕሮሰሰር ልትገዛ ቆርጣለች። በፍላሽ ያመጣችው ሰርግ ሁለት ኮምፒውተር ላይ ተጫነ፤ አንደኛው ትልቁ አለበት፣ ሌላኛው በዋጋ ግማሹን የማይሞላው መካከለኛው። ትልቁ ቀድሞ ጨረሰ፣ ያውም በደንብ። ሰመረ ፈገግ አለ። እኔም እፎይ አልኩ።

ጋሽ መድኃኔ ወንበሩን ወደ ልጅቷ አዞሩት፤ የሚሽከረከር ወንበር ነው።

"የምትሠሪው የት ነው ልጄ?"

"ቤቴ ነው ጋሼ። እዚሁ፣ ከውቤ በረሃ ጀርባ።"

"ጣሪያው ምንድን ነው?"

"ቆርቆሮ ነው።"

"ኮርኒስስ?"

"የለውም።"

ዓይናቸውን አሹ፤ የወንበሩን መደገፊያ በመዳፋቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉት። ከዚያ "ኤሲውን አጥፉት፣ በሩንም ዝጉት" አሉ።

ሰመረ የቀለዱ መስሎት ሳቀ፤ ግን አጠፋው። በቀትር ፀሐይ ያ የመስታወት ቤት እንዴት እንደጋለ! ሁላችንም እያላበን ሰርጉ እንደ አዲስ ተጫነ። ትልቁ እንደ ቅድሙ ፈጥኖ ተነሳ፣ ሥራው ሳይጋመስ ግን ፋኑ መጮህ ጀመረ። ፕሮሰሰሩ ሙቀቱ ሲበዛበት እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ቀድሞ መጨረሱን ጨረሰ፤ ግን የቀደመው አንድ ማኪያቶ ታዝዞ እስኪመጣ እንኳ በማትሞላ ጊዜ ነው።

"መጥፎ ዕቃ አይደለም" አሉ ጋሽ መድኃኔ በዛለ ድምፅ። "እንዲህ ያለ ቀዝቃዛ ቤት ውስጥ ዋጋውን ያወጣል። አንቺ ቤት አያወጣም። መካከለኛውን ውሰጂና በተረፈው ባትሪ ያለው ዩፒኤስ ግዢ። አንቺን የሚጎዳሽ መብራት ሲሄድ የሚጠፋብሽ ሥራ ነው።"

ጽጌማርያም ፊቷ ጠቆረ፣ ትልቁን ተመኝታ ነበር የመጣችው። ትንሽ አስባ ግን መካከለኛውን ገዛች። ሰመረ እስከ በሩ ሸኘን።

"ጋሼ፣ ደመወዝ ከፍዬ ዕቃዬን የሚያስቀርብኝ ሰው ማስቀመጥ አልችልም" አለ አንገቱን ደፍቶ። እውነቱን ነው። እኔም በሱ ቦታ ብሆን ይህንኑ ነበር የምለው።

ዳገቱን ስንወጣ ንዴቴን መዋጥ አቃተኝ።

"ዝም ቢሉ ምን ነበረበት? ትልቁን የፈለገችው ራሷ ናት።"

ቆም ብለው ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ከሪማዬ፣ መዋሸት ጉልበት ይፈልጋል። የበጋው ሙቀት ሲመጣ ልጅቷ ተመልሳ ትጠይቀኛለች። ያኔ ደግሞ ሌላ ነገር መፍጠር አለብኝ። ለዚህ ሁሉ አቅም የለኝም። ደክሞኛል።"

ታክሲ እንያዝ ብላቸው እምቢ አሉ። ስለ መደብሩ ወንበር ያነሱት አንዴ ብቻ ነው፤ "ጀርባ ይደግፍ ነበር" አሉ።

ክፍላችን ስንደርስ አንድ ጎልማሳ ማዘርቦርዱን ታቅፎ ይጠብቃቸዋል፤ የኔም ወረፋ በሩን ሞልቶታል። ኮፒ ማሽኔን አስነስቼ ሥራ ጀመርኩ። ጋሽ መድኃኔ አሮጌው ዱካቸው ላይ ተቀምጠው መብራታቸውን አበሩና ጎነበሱ። ወረንጦው ከፒኖቹ በላይ ይንከራተታል እንጂ አይወርድም። የሚወርድበት አይታያቸውም። ብዙ ቆዩ። ከዚያ ወረንጦውን አስቀምጠው ወደ ሰውየው ቀና አሉ፤ ምን ሊሉት እንደሆነ ገባኝ። ያንን ከሳቸው አፍ መስማት አልፈለግኩም።

ኮፒ ማሽኑን አጠፋሁት። የፎቶ አጉሊ መነጽሬን ይዤ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"አጥፊልኝ አላልኩሽም እኮ" አሉ።

"ይተዉኝ እስቲ። ከጥጉ ሁለተኛዋ ጎብጣለች።"

"ወዴት?"

"ወደ እርስዎ።"

ወረንጦውን ዘረጉልኝ። የፒኗን ጫፍ በቀስታ ያዝኩ። ከኋላ አንዱ "ፎቶ ኮፒ የለም እንዴ?" አለ።

"ይጠብቁ" አልኩት ሳልዞር። "ሥራ ላይ ነን።"