እትዬ ሳህሊቱ ያስተማሩት ሹም ሽር

እትዬ ሳህሊቱ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሶዶ ላይ ታሪክ ያስተማሩ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ የሰፈራቸው የእድር ቀጠና ኃላፊ ሆነው ለቅሶ ቤቱን ቀጥ አድርገው የያዙ ሴት ናቸው። ሰው ሲሞት ድንኳኑ የት እንደሚተከል፣ ማን ወጥ እንደሚሠራ፣ ለቀስተኛውን ማን እንደሚቀበል የሚያዙት እሳቸው ናቸው። ባላቸው ካለፉ በኋላ ያቺ የእድር ቀጠና ትዳራቸውም ልጃቸውም ሆነች። ሌላ ምን አላቸው?

የእድሩ ሊቀመንበር እዮኤል የድሮ ተማሪያቸው ነው። አንድ ቅዳሜ ቤታቸው መጥቶ የተቀቀለ የቦዬ ሥር በሚያቃጥል ዳጣ እያጣቀሰ፣ "ቲቸር፣ እድሩ እኮ ሰፋብኝ። የድሮ ነገሥታት ያን ሁሉ አገር እንዴት ያዙት?" አላቸው።

እሳቸው ደግሞ ይህን አግኝተው ነው! ጠቅላይ ግዛቱ በአውራጃ፣ አውራጃው በወረዳ፣ እስከ ታች እስከ ጭቃ ሹሙ ድረስ እንዴት እንደሚወርድ አስረዱት።

"ዋናው ብልሃት ግን ሹም ሽሩ ነው" አሉት። "አገረ ገዢው ከሕዝቡ ጋር ሥር ከሰደደ ዙፋኑ ይሰጋል። ስለዚህ ንጉሡ ግዛቱን ለሁለት ይከፍልና ሰውየውን ዘመድ ወደሌለው አገር ይሾመዋል። ሹመት ስለሆነ እምቢ አይባልም።"

"ወይ ጉድ!" አለ እዮኤል። ቦዬ ጨመሩለት።

በእድሩ ስብሰባ ዕለት እዮኤል ቀጠናዎቹ እንደገና ይከፋፈሉ ሲል ቀድመው እጃቸውን ያወጡት እትዬ ሳህሊቱ ነበሩ። እንደ ልጃቸው ኮሩበት። ከዚያ አዲሶቹ ኃላፊዎች ተነገሩ። የሳቸው ሰፈር ለሁለት ተከፍሎ ለሌሎች ተሰጠ። እሳቸው ከከተማው ዳር በቦምቤ መውጫ በኩል ለተቋቋመው አዲስ ቀጠና ተሾሙ፤ እዚያ የሚያውቁት አንድ ሰው የለም። ጭብጨባው ቀለጠ።

ሰው ሲበተን በር ላይ ያዙት። "አንተ! እኔን?"

"ሰዉ ሊቀመንበሩ እርስዎ ይሁኑ ማለት ጀምሮ ነበር፣ ቲቸር" አለ ዐይናቸውን ሳያይ። "ደግሞስ ሾምኩዎት እንጂ መች ሻርኩዎት?"

ቤቴ ቁጭ ብሎ፣ ቦዬዬን እየበላ! አሉ በሆዳቸው።

ወር ሳይሞላ የጎረቤታቸው የአሳየሽ ባል አረፉ። እትዬ ሳህሊቱ እንደ ልማዳቸው ነጠላቸውን አደግድገው ድስት ወደተጣደበት ጓሮ ገቡ። አዲሷ ኃላፊ ትሕትና፣ ክፉ ልጅ እንኳ አይደለችም፣ ጭልፋውን በአክብሮት ከእጃቸው ተቀበለችና ወደ ድንኳኑ መራቻቸው።

"እትዬ፣ እርስዎ እኮ አሁን የሌላ ቀጠና ነዎት። እንግዳ አይሠራም፣ ይቀመጡልኝ" ብላ ወንበር ሳበችላቸው።

ተቀመጡና ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። አሳየሽ ለባሏ ያለቀሱ መስሏት አቅፋ አባበለቻቸው።