ባዶው ቦታ

አውቶቡስ ስሳፈር አስቀድሜ የማየው ለእግር የተረፈውን ቦታ ነው። ጉልበቴ የፊቱን ወንበር ከነካ እወርዳለሁ። የልጅ ልጆቼ «ቀበጥ አሮጊት» ብለው ይስቁብኛል። ይሳቁ። የጣሊያን ጊዜው ካሚዮን እኔን ገና አልለቀቀኝም።

ባሌን ጣርማ በር ላይ ዋሻ ከሚቆፍሩት ጋር ድንጋይ እንዲፈልጥ ወስደውት ነበር። አንድ ጠዋት ሸዋ ሮቢት ገበያ ላይ፣ ሠራተኞቹ ዛሬ ወደ ሌላ አገር ሊጫኑ ነው የሚል ወሬ ሰማን። እኔና የባሌ አባት ሽቅብ የሚወጣ ካሚዮን ለምነን ማሽላ ጆንያ ላይ ተሳፈርን። ሳይሄድ ልየው እያልኩ ልቤ ተሰቅሏል።

የተቀመጥነው ፊት ለፊት ነው። በመካከላችን እግር የሚያስዘረጋ ባዶ ቦታ ነበር። ምራት ግን አማቷ ፊት እግሯን አትዘረጋም፤ እሳቸውም ወደ ልጃቸው ሚስት እግር መስደድ ነውር ሆነባቸው። ጉልበቴን አቅፌ ተኮራመትኩ፤ እሳቸውም ተኮራመቱ። ደብረ ሲና ላይ የሹፌሩ ረዳት ዘሎ ወጣና ባዶውን አየ። የናፍጣ በርሜል አምጥቶ እዚያው ሰካበት። በረዳቱ ተናደድኩ፤ ከእሱ ይልቅ በይሉኝታችን።

ዳገቱ አያልቅም። ካሚዮኑ ቁና ቁና ይተነፍሳል፤ እኔ እቁነጠነጣለሁ፤ በርሜሉ ቅልጥሜን ይገጨኛል። መጀመሪያ ጠዘጠዘኝ፣ ከዚያ ነዘረኝ፣ ኋላ እግር እንዳለኝም ረሳሁ።

ዋሻው አፍ ስንደርስ ሠራተኞቹ ሌላ ካሚዮን ላይ ታጭቀው ቆመዋል። ባሌን በረጅም አንገቱ ለየሁት።

«ውረጂ እንጂ! ሩጪ!» አሉኝ አማቴ።

«እግሬ እምቢ አለኝ፣ አባባ!»

እሳቸውም ሊነሱ ሲሉ እግራቸው ከዳቸውና በርሜሉ ላይ ተደፉ። ዓይን ለዓይን ተያይተን የማናውቅ ሰዎች ነን። እንደ ተደፉ እግሬን በሁለት እጃቸው ይዘው ያሹልኝ ጀመር። «ያ አላህ! ያ አላህ!» ይላሉ። ደሙ ሲመለስልኝ ያኛው ካሚዮን ሞተሩን አስነሣ። ወርጄ እያነከስኩ ስሙን ጮኼ ጠራሁ። ዞሮ አላየኝም።

ወደ ቆላ የመለሰን ካሚዮን ባዶውን ነበር። አማቴ ቀድመው እግራቸውን ወደ እኔ ዘረጉ።

«ዘርጊ፣ ልጄ» አሉኝ።

ዘረጋሁ። ቦታው ለሦስት ሰው ይበቃ ነበር።