ያልዋጥሁት ማር

ባለፈው ቅዳሜ ኮላ ድባ ገበያ ላይ አንዲት ሴት በጣሳ ሰም አቅልጣ ጧፍ ስትሠራ አየሁ። ሰሙ ሳታስበው ገነፈለና ዳር ዳሩ አረረ። ሽታው አፍንጫዬን ሲመታኝ ጠመኔ ልገዛ መምጣቴን ረስቼ እዚያው ተገተርሁ። አንድ ቦታ መቆም አልወድም፤ እግሬ አያስቀምጠኝም። ያን ቀን ግን ቆምሁ። እመት ዘርፌ ትዝ አሉኝ።

የእመት ዘርፌ ቤት ጎንደር ከተማ፣ ከደብሩ አጥር ሥር ነበር። ባላቸው የሞተ፣ ልጅ ያልወለዱ፣ ቀጭን ሴት ነበሩ፤ ለደብሩ ጧፍ ይሠራሉ። ጣሊያን ጥሎት በሄደ የዘይት ጣሳ ሰሙን ያቀልጣሉ፣ ፈትሉን እየነከሩ ይስባሉ፣ ከዚያ በጣውላ ላይ በመዳፋቸው ያድቦለቡሉታል። ከሰሙ ብዛት መዳፋቸውም ጣታቸውም መስመር አልነበረውም፤ ልሙጥ ነበር።

እናቴና አባቴ በአንድ ሳምንት ውስጥ በተስቦ ሲሞቱ፣ ያባቴ ወንድም አያ ታከለ ከመካነ ብርሃን በበቅሎ አምጥቶ እሳቸው ዘንድ ጣለኝ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር።

"እኔ አፍ በዝቶብኛል እመት፣ እርስዎም ብቻዎን ነዎት" አለ። በቅሎዋን እንኳ ሳያሳርፍ ተመለሰ። አላለቀስሁም። የሚያስለቅስ ነገር መሆኑም አልታየኝ።

እመት ዘርፌ ትምህርት ቤት አስገቡኝ። ጎረቤት "ጧፉን አታግዝዎትም?" ሲላቸው "ለጧፉ እኔ አላንስም" ይሉ ነበር።

በመጣሁ በስምንተኛው ወር የጡት ልጅ ሊያደርጉኝ ተነሡ። በአገራችን ያልወለዱትን ልጅ የሚያደርጉት በማር ነው፤ ጡት በማር ይቀባና ልጁ በምስክር ፊት ይጠባል። እኔ ግን የራሴ ጡት ማጎጥጎጥ ጀምሯል። ነፍስ አባታቸው መጡ፣ ጎረቤት ተሰበሰበ።

"እመት፣ ይች እኮ ለሙሽርነት ደርሳለች! ጡት ሳይሆን ጠላ ያቅርቡላት!" ብሎ አንዱ ሲቀልድ ቤቱ በሳቅ ሞላ።

"አውራ ጣትም ይበቃል፤ ዋናው መዋጧ ነው" አሉ ነፍስ አባታቸው።

እመት ዘርፌ አውራ ጣታቸውን ከትንሽ ቅል ማር ነክረው ዘረጉልኝ። ሰም ሰም ይላል። ላስሁት። ሴቶቹ እልል ሲሉ ወደ ጓሮ ሮጥሁና ተፋሁት። ብውጠው እናቴ ዳግመኛ የምትሞት መስሎኝ ነበር። ዞር ስል እመት ዘርፌ የጓሮው በር ላይ ቆመዋል። አይተዋል።

"ግቢ፣ ይበርድሻል" አሉ። ሌላ ምንም አላሉም፤ ያን ቀንም ሆነ ከዚያ በኋላ።

ሦስት ዓመት አለፈ። አንድ ረፋድ ላይ አያ ታከለ ሁለት ሽማግሌ አስከትሎ መጣ። እዚያ ደጋ ላይ፣ ከብቱ ለበዛ ሰው ልጅ ሊድረኝ ቃል ሰጥቶ ኖሯል።

"ምነው ታከለ፣ ጥለሃት ስትሄድ ዞር ብለህ ያላየሃትን? አሁን ልጄ ናት" አሉ እመት ዘርፌ።

"ሸጋ! ልጅዎ ከሆነች ራሷ ትናገር።" ወደ እኔ ዞረ። "ማሩን ውጠሻል? ካልዋጥሽ የወንድሜ ልጅ ነሽ፤ ተነሽ፣ በቅሎዋ ውጭ ቆማለች።"

እመት ዘርፌ ጣሳው አጠገብ ነበሩ። ፈትሉን መሳብ አቆሙ። ሰሙ ገነፈለ፣ አረረ፤ ሰም አሳርረው አያውቁም ነበር። ቀና ብለውም አላዩኝ።

"ውጫለሁ" አልሁ።

ሽማግሌዎቹ ወደ እሳቸው ዞሩ። "እውነት ነው እመት?"

"ልጄ ውጣለች" አሉ።

አያ ታከለ ሄደ። እኔ ትምህርት ቤት ሄድሁ። ያን ቀን የሂሳብ ፈተና ነበረብን።

እመት ዘርፌ ቆራቢ ነበሩ። ከዚያ ወዲያ ግን የሠሩት ጧፍ ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ እየበራ እሳቸው ከደጀ ሰላሙ አላልፍ አሉ፤ ዛፍ ሥር ቆመው ያስቀድሳሉ። ስጠይቃቸው "ጉልበቴን አሞኛል" ይሉኛል። ማመን ቀለለኝ። ያችን የሐሰት ቃል ሳይናዘዙ መቁረብ አይችሉም፤ እንዳይናዘዟት ደግሞ፣ ልጃቸው ለመሆኔ ምስክሩ ያው ነፍስ አባታቸው ናቸው። እውነቱን ቢሰሙ "ልጇ ናት" ብለው የሚቆሙልኝ እንዴት ነው? ይህ የገባኝ ከሞቱ በኋላ ነው።

የሞቱት አምና ነው፣ እኔ አስተማሪ ሆኜ ኮላ ድባ በተመደብሁ በሦስተኛው ወር። ስቀብራቸው እንባ አልመጣልኝም። ሴቶቹ "ድንጋይ ናት" አሉኝ። ይሁን።

ቤታቸውን ሳጸዳ ከመደቡ ሥር አንዲት ትንሽ ቅል አገኘሁ፤ አፏ በሰም ታሽጓል። አወቅኋት፤ ልጅ ያደረጉኝ ዕለት ማሩ የመጣባት ናት። ሳል ሲይዘኝ እንኳ ማር ከጎረቤት ይለምኑልኝ ነበር እንጂ ይችን አልነኳትም። ምናልባት አንድ ቀን ይስጡኝ ብዬ እንድጠይቅ ይጠብቁ ነበር። አልጠየቅሁም።

አሁን ደብተሮቼ አጠገብ ተቀምጣለች። አንድ ሁለት ጊዜ ልከፍታት ቢላዋ አንስቻለሁ። ሰሙ ላይ ግን፣ ሳይደርቅ የተጫኑበት የአውራ ጣታቸው ቅርጽ አለ፤ ልሙጥ፣ መስመር የሌለው። ቢላዋውን መልሼ አስቀምጣለሁ።