ጫማችሁን አራግፉ

ከባለቤቴ ከአቶ አስናቀ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ሥራ ጫማ ማራገፍ ነበር። እሳቸው ሞጣ ገበሬዎችን አስተምረው፣ እኔም እዚያው እህቴን ጠይቄ፣ በአውቶቡስ ወደ ቢቸና ተመለስን። በራችን ላይ እንደ ልማዳቸው ጋዜጣ ዘረጉ።

«የሻሽ፣ ጫማሽን።»

«ደክሞኛል፤ ዛሬን እንኳ ይተዉኝ።»

«የአረሙ ዘር እኮ አልደከመውም» ብለው ሳቁ።

የጫማችንን ሶል፣ የሱሪያቸውንም ጠርዝ አራገፍን። የረገፈውን ከነጋዜጣው ምድጃ ውስጥ ጨመሩት። በማግስቱ ትንፋሻቸው ተዘግቶ ሐኪም ቤት ሳንደርስ አረፉ።

የምታውቋቸው ሁሉ ታውቃላችሁ፤ ዕድሜያቸውን የፈጁት ቅንጨ አረምን ሲታገሉ ነው። ይህ ጥቃቅን ነጭ አበባ ያለው መጤ አረም በአሸዋ መኪና ጎማ እየተሳፈረ መጥቶ መንገድ ዳሩን፣ ቀጥሎ ግጦሹን፣ ቀጥሎ የጤፉን ማሳ ሲይዝ ቀድመው የጮኹ እሳቸው ናቸው። የበላችው ላም ወተቷ ይመራል፤ የነቀለው ሰው ቆዳው ይቆስላል፣ ትንፋሹ ያጥራል። የእሳቸውም አጠረ። ሐኪሙ «ከአረሙ ይራቁ» ሲላቸው «እሱ ይራቀኝ እንጂ!» አሉት።

አንድ ክረምት በጎረቤታችን በፈንቴ ግጦሽ ተንበርክከው ሲነቅሉ ፈንቴ አጥር ተደግፎ ያሾፍባቸው ጀመር።

«ጋሼ አስናቀ፣ ለአንድ ቅጠል ይህን ያህል ስግደት?»

«አንተ ቆመህ ስለምታየው ነው እኔ የምሰግደው። ና፣ እንካ!»

የራሳቸውን ጓንት አውልቀው ሰጡትና በባዶ እጃቸው ቀጠሉ። ያን ሰሞን የተሰነጣጠቀ እጃቸውን ቫዝሊን የቀባሁ እኔ ነኝ። የፈንቴ ግጦሽ ግን እስከ ዛሬ ንጹሕ ነው።

የሚሠሩበት የግብርና መሥሪያ ቤትስ? በዓመት አንድ ቀን ዘመቻ ይጠራል። ባነር ይሰቀላል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ያበበው አረም ተነቅሎ መንገድ ዳር ይጣላል። «ካበበ በኋላ ነቅሎ መጣል መዝራት ነው፤ ሳያብብ እንውጣ» እያሉ በየስብሰባው ለመኑ። አዳራሹ ያጨበጭባል፤ ከዚያ ምሳ ይቀርባል።

በቀብራቸው ዕለት ባልደረቦቻቸው የአበባ ጉንጉን ይዘው መጡ። ሐምራዊ ሪባን፣ የጽድ ቅጠል፣ በመሃሉ ጥቅጥቅ ያለ ነጭ አበባ። ቀረብ ብዬ አየሁት። ቅንጨ ነው! ከመንገድ ዳር አጭደው ያመጡት ቅንጨ!

«ይህን ከላያቸው አንሱልኝ!» ብዬ ጮኽሁ።

«ሐዘኑ ነው የሚያናግራት፤ ያዟት» አለ አለቃቸው።

ሴቶቹ ያዙኝ። ጉንጉኑ እዚያው ሰነበተ፤ ደረቀ፤ ረገፈ። ዝናብ ሲጥል በባሌ መቃብር ላይ በቀለ።

ያናገረኝ ሐዘን አልነበረም፤ ዓይኔ ነበር። እናንተ ባልደረቦቻቸው ግን ይህን ሁሉ ጊዜ አብራችኋቸው ተቀምጣችሁ፣ ለዚሁ አረም ደመወዝ እየበላችሁ፣ ቅጠሉን አታውቁትም? ወይስ አንድም ቀን ጎንበስ ብላችሁ አላያችሁትም? ሊያጽናናኝ የሚመጣ ሁሉ መጀመሪያ ይህን ይመልስልኝ።

የኔ ጌታ፣ አረም ከላይዎ እያለ «በሰላም ይረፉ» ብዬ አላታልልዎትም። ፈንቴ ጓንትዎን አጥቦ መለሰልኝ። ለእጄ ይሰፋል፤ ቢሆንም አጠልቀዋለሁ። ሰኞ ሰኞ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ እመጣለሁ። ከእርስዎም፣ አጠገብዎ ካሉትም መቃብር ላይ ቅንጨውን ሳያብብ ከሥሩ እነቅላለሁ። ስወጣ በሩ ላይ ጫማዬን አራግፋለሁ።