ሳያሟሙቅ የተሰለፈው ልጄ

አራት ነን። ቢኒያም፣ የበኩር ልጄ፣ ያኔ የሰፈራችን ወጣቶች ቡድን አጥቂ። ማቴዎስ፣ አሰልጣኙ። አስቴር፣ ባለቤቴ። አራተኛው እኔ ነኝ፤ ሶዶ ውስጥ የቀርከሃ ወንበር የምሠራ፣ ፊደልን ለብቻዬ የቆጠርኩ፣ በቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ተብዬ ሌላውን የምገሥጽ። ቀጥሎ ያለውን ከአፌ የሰማ ሰው የለም። ለሚስቴም፣ ለፓስተሩም አልተናገርኩም።

ትምህርት ቤት ስላልገባሁ ብቻዬን ያወቅሁትን ነገር ከልክ በላይ እወድ ነበር። በስልኬ ላይ ከከፍታ እየወረዱ ሽቅብ የሚፈናጠሩ ተጫዋቾችን የሚያሳይ ቪዲዮ አየሁ፤ በአንድ ቅጽበት የሚፈነዳ ጉልበት የሚገነባው እንዲህ ነው ይላል። መጀመሪያው ላይ ስለ ማሟሟቂያ የሚያወራውን አሳልፌ ነው ያየሁት። ጉልበት ማባከን መሰለኝ።

ከበዴሳ ልጆች ጋር ግጥሚያ በነበረበት ዕለት ጠዋት ቢኒያምን ከአልጋው አስነስቼ ከቤታችን ጀርባ ወዳለው መሥሪያ ቦታዬ ወሰድኩት። ከጠረጴዛዬ ወደ ሲሚንቶው እንዲወርድ፣ መሬት እንደነካም ሽቅብ እንዲዘል አዘዝኩት።

«አባባ፣ ጋሽ ማቴዎስ መጀመሪያ ሰውነታችሁን አሟሙቁ ይለናል።»

«እሱ ኳሱን ያስተምርህ። ዝለል!»

ደጋግሞ ዘለለ። በኋላ ጉልበቱን ይዞ ቁጭ አለ፤ አሞኛል አለ። እኔ ምን አልኩ? «ወንድ ልጅ እንዲህ አይልም» አልኩ። እኔ፣ ቀርከሃን በእሳት ሳላሞቅ አጥፌ የማላውቅ፣ ሳይሞቅ የታጠፈ ቀርከሃ ይሰነጠቃል እያልኩ ሠራተኞቼን የምቆጣ ሰው፣ የገዛ ልጄን ከነቅዝቃዜው አጠፍኩት።

ሜዳ ላይ ማቴዎስ ልጆቹን ሲያሟሙቅ እኔ ከዳር ሆኜ ቢኒያምን በእጄ ምልክት ከለከልኩት። የጫማውን ክር የሚያስር መስሎ ቆየ። «አንተ ቢኒ፣ ጫማህን ልትድር ነው እንዴ እንዲህ የምታስጌጠው? ና ሩጥ!» አለው ማቴዎስ፤ ልጆቹ ሳቁ። ቢኒያም ወደ እኔ አየ። አይሆንም ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ጨዋታው እንደተጀመረ ለኳስ ዘሎ ሲወርድ ጉልበቱ ከዳው። ሐኪሙ ጅማቱ ተበጥሷል አለ። ልጄ ከዚያ ወዲህ ኳስ አልተጫወተም።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ማቴዎስ ሽማግሌዎች ይዞ ቤቴ መጣ። በእኛ ዘንድ የበደለ ሰው እንዲህ ይመጣል። ያልበደለ ሰው ሲመጣ ግን ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። «ሳያሟሙቅ መቆሙን እያየሁ አሰለፍኩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ይማሩኝ ጋሼ» ብሎ ተንበረከከ። እውነቱን ልናገር ነበር። ሽማግሌዎቹ በአክብሮት ያዩኛል። «ምሬሃለሁ» አልኩ። አዎ፣ እኔ ማርኩት! ስለ ኃላፊነትም መከርኩት። ሽማግሌዎቹ መርቀውኝ ሄዱ።

በሩ ሲዘጋ ቢኒያም ከአልጋው ላይ «ጋሽ ማቴዎስ ምን አጠፋ?» አለ።

«ተኛ» አልኩት።

ጥፋቱን በራሱ አፍ አምኗል ተብሎ ማቴዎስ ቡድኑን ተነጠቀ። ዛሬ በሞተር ሰው ያመላልሳል። የሰፈራችን ዳገት ላይ ካገኘኝ ሳይጭነኝ አያልፍም። «ይውጡ ጋሼ! የማረኝን ሰው በእግሩ ላስኬደው?» ይላል። እምቢ ብል ቂም የያዝኩ ይመስለዋል፤ ስለዚህ እወጣለሁ። ጀርባው ከፊቴ ነው። ልናገር እላለሁ። ብናገር፣ እኔን ብሎ ዝም ያለውን ልጄንም የሐሰት ተባባሪ አደርገዋለሁ። ዝም ብል፣ ነገም ይጭነኛል። መውረጃው የት ነው?

አስቴር ያን ጠዋት ሲሚንቶው ላይ የሚያርፈውን እግር ከጓዳ ሆና ሰምታለች። ጠይቃኝ አታውቅም። ቤት ውስጥ ጸሎት ስመራ ግን አሜን ማለት ትታለች።

ይቅርታ አልለምንም። ይቅርታን እንደ ባለቤቱ ሆኜ አንድ ጊዜ ስለሰጠሁ፣ አሁን በየትኛው አፌ እጠይቃለሁ? ድምሩን ብቻ ልናገር። ቢኒያም ጉልበቱን ከፈለ። ማቴዎስ ቡድኑንና ስሙን ከፈለ። አስቴር አሜኗን። እኔ ግን ምርቃት ተቀበልኩ።