ወደ ኋላ የሚያየው ያላ

በእህቴ በእጸገነት ቀብር ላይ የተነበበው የሕይወት ታሪክ አንድ ስህተት አለበት። የእድራችን ጸሐፊ አቶ ተካ «በትርፍ ጊዜያቸው የእጅ ሥራ ይወዱ ነበር» ብለው ጽፈዋል። የትውልድ ዘመኗንና የሠራችበትን መሥሪያ ቤት አጣርቼ የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ ይቺ ዓረፍተ ነገር ግን አመለጠችኝ። እጸገነት የእጅ ሥራ አትወድም ነበር። መቀስ ስትይዝ ያያት ሰው እጁን ይሰበስባል።

ነገሩ የሆነው በ2003 ክረምት ነው። ካዛንቺስ በነበርንበት ግቢ ዲሽ ያለው እኛ ቤት ብቻ ስለነበር ልጆቹ ከሰዓት በኋላ እኛ ሶፋ ላይ ይሰፍሩ ነበር። የሚያዩት በአረብኛ የሚተላለፍ ካርቱን ነው፤ አንገቱ እንደ ቧንቧ የረዘመ፣ ሁልጊዜ የሚቸኩል አረንጓዴ ዳክዬ። ቋንቋው አይገባቸውም። ዳክዬው በየደቂቃው «ያላ፣ ያላ» ስለሚል ስሙ ያላ ነው ብለው ወሰኑ፤ እጸገነትም አጸደቀችላቸው።

አንድም ቀን የማትቀረው የጎረቤታችን የሸምሰዲን ልጅ፣ የስድስት ዓመቷ ሂባ ነበረች። ነሐሴ ላይ ለሸምሰዲን ጀሞ ኮንዶሚኒየም ደረሰው። ግቢው ደስ ሲለው ሂባ አኮረፈች። እዚያ ቤት ዲሽ የለም፤ ያላ የለም። ጥፋቱ የእጸገነት ይመስል እሷን ማናገር አቆመች። ልጅ ያልወለደችው እህቴ ይህን አልቻለችውም። ዕቃው ሊጫን አራት ቀን ሲቀረው፣ ሂባ ሳትሰናበታት እንዳትሄድ ያላን ሠርታ ልትሰጣት ቆረጠች።

ከመሥሪያ ቤቷ ጽዳት ሠራተኞች ሶፍት ሲያልቅ የሚቀረውን የካርቶን ቱቦ ለመነች። ባልደረቦቿ ሆድሽን አሞሻል እንዴ እያሉ ሳቁባት። አሥራ አንድ ይዛ መጣች። የግቢያችን ልጅ ያብስራ አሥራ ሁለት ነበር ይላል፤ አሥራ ሁለተኛውን ረግጦ የደፈጠጠው እሱ ራሱ ስለሆነ አልቆጥረውም። ስድስቱ ለአንገት፣ ሁለቱ ለእግር፣ ሁለቱ ለክንፍ፣ አንዱ ለራስ። ሆዱ የዱቄት ወተት ጣሳ ነው። ያብስራ ኮላ ቀባ፤ የሂባ ታላቅ እህት ሪሐና በውሃ ቀለም አረንጓዴ አደረገችው፤ እጸገነት ቆረጠች፣ ማለትም አበላሸች። ምንቃሩ የተገኘው በአራተኛው ሙከራ ነው። ራሱን አንገቱ ላይ ያጣበቀችውም እሷ ናት።

ቅዳሜ ጠዋት ሲታይ ኮላው ደርቆ፣ የዳክዬው ፊት ወደ ጀርባው ዞሯል። ላዙር ቢሉት አንገቱ ሊቀደድ ነው። ያብስራ አንገቱን ታሞ ወጌሻ ቤት የሚሄድ ይመስላል አለ። ሪሐና ደግሞ ከአረብ አገር የተመለሰች አክስቷን ጠይቃ ኖሮ፣ ያላ ስም እንዳልሆነ፣ «በሉ እንሂድ» ማለት እንደሆነ የተናገረችው በዚያች ሰዓት ነው።

«ክረምቱን ሙሉ ሰውዬውን እንሂድ እያልን ስንጠራው ነበር በይኛ» አለች እጸገነት።

አይሱዙው ተጭኖ አለቀ። ሂባ ጋቢና ውስጥ አባቷ ጉልበት ላይ ተቀምጣለች፤ ወደ እኛ አትዞርም። እጸገነት ዳክዬውን በመስኮት አቀበለቻትና ራሱን አዙራ በመለጠፏ ይቅርታ ጠየቀች። ሂባ አገላብጣ አየችው። ከዚያ መስኮቱ ላይ አቆመችው፤ እግሩ ወደ መንገዱ፣ ፊቱ ወደ እህቴ።

«እቴቴ፣ አንቺን ነው እኮ የሚያየው» አለች። «ያላ እያለሽ ነው።»

እጸገነት በሚቀጥለው እሑድ ከኡራኤል ተሳፍራ፣ ሁለት ታክሲ ቀይራ፣ ቦርሳዋን በካርቶን ቱቦ ሞልታ ጀሞ ሄደች። ከዚያ በኋላም በወር አንድ እሑድ፣ እስከ 2010 ድረስ፣ ያስቀረችው ሦስቱን ብቻ ነው። ዝሆንም ሠርተዋል፣ ግመልም ሠርተዋል፤ በእግሩ የሚቆም አንድም የለም።

ስለዚህ «የእጅ ሥራ ይወዱ ነበር» የሚለው ተሰርዞ «ኑ ሲሏቸው ይሄዱ ነበር» ተብሎ እንዲታረም ለአቶ ተካ በጽሑፍ አሳውቄአለሁ።