በጥላዬ አፍ ያስነገርኩት ስድብ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ለሰው ቀርቶ ለንስሐ አባቴም አልነገርኳቸውም። ዛሬ ላወጣው ነው።

በጃንሆይ ጊዜ መሐል ሜዳ በምትባል ከተማ የባና ነጋዴ ነበርኩ። ሸማኔዎች ከበግ ጠጉር የሠሩትን ብርድ ልብስ ያመጡልኛል፤ እኔ በካሚዮን ጭኜ ደብረ ብርሃን እልካለሁ። በገበያ ቀን ጥላዬ የሚባል አዝማሪ ሱቄ ደጃፍ ላይ ይዘፍንልኝ ነበር። ድምፁ ገና ሲሰማ ከግሼ የመጣው፣ ከመርሐቤቴ የወጣው ሁሉ በቅሎውን እየጎተተ ይከበን ነበር። እኔ አበላዋለሁ፣ አለብሰዋለሁ፤ እሱ ባናዬን ያወድስልኛል። ሰዉ «የጥላዬን ባና ስጠኝ» እያለ ነበር የሚገዛኝ።

አንድ ቀን ገበያው ጢም ብሎ ሳለ ወልዴ የሚባል ሸማኔ ከሚስቱ ጋር መጣ። እጁ የተባረከ ሰው ነበር። «ዋጋ ካልጨመሩልኝ ለሌላ ነጋዴ እሰጣለሁ» አለኝ፣ በሰው ፊት። ደሜ ፈላ። ሸማኔ እንዴት እንዲህ ይናገረኛል? አዎ፣ ያሰብኩት ይህንኑ ነው።

አዝማሪን «ተቀበል» ብሎ ግጥም መስጠት የተለመደ ነው፤ ሰጪው ጮክ ብሎ ይናገራል፣ አዝማሪው ተቀብሎ ያዜማል። እኔ ግን ጠጋ ብዬ በጆሮው ነገርኩት። ሸማኔ ቀን ባና ሲሠራ ውሎ ሲመሽ ጅብ ሆኖ ሰው ይበላል የሚል ግጥም ነበር። የወልዴን ስም ከነሚስቱ ከተትኩበት።

ጥላዬ መሰንቆውን ገታ አደረገ።

«ጋሼ፣ ይቺስ ትቅር። ሰውየው እዚሁ ቆሟል» አለኝ በሹክሹክታ።

«እንጀራህን የምትበላው ከማን ቤት ነው?» አልኩት።

ዘፈነው።

ገበያው በሳቅ ፈነዳ። ጭብጨባው፣ ፉጨቱ፣ «ድገመው!» የሚለው ጩኸት መሬቱን ያንቀጠቀጠው መሰለኝ። እኔም ሆዴን ይዤ ሳቅሁ። እንደዚያን ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም። በዚህ የሚደሰት ምን ዓይነት ሰው ነው? ወልዴ ባናውን አጣጥፎ መልሶ አህያው ላይ ጫነ። ሚስቱ በነጠላዋ ፊቷን ሸፍና ታለቅስ ነበር።

በሳምንቱ አንድም ሸማኔ ዝር አላለም። በሚቀጥለውም እንዲሁ። ካሚዮኑ ባዶውን ቆሞ ሾፌሩ ጡሩምባ ይነፋብኛል። የደብረ ብርሃኑ ደንበኛዬ ሌላ ነጋዴ ሊይዝ እንደሆነ ላከብኝ። በመጨረሻ ሽማግሌዎች ሸማኔዎቹን አስከትለው መጡና ሱቄ ፊት ቆሙ። ገበያተኛው ዙሪያውን ከበበን።

«ደምሴ፣ ይህ ስድብ የተዘፈነው በደጅህ ነው። ምን ትላለህ?» አሉኝ።

ጥላዬ አጠገቤ ነበር። «ግጥሙ የኔ ነው» የምትል አንዲት ቃል ትበቃ ነበር። አንደበቴ ግን ለሌላ ተፈታ። «ሸማኔ ወንድሜ ነው! ወንድሜን የሚሰድብ ደጄን አይረግጥም። ከዛሬ ጀምሮ ከዚህ ሰው ጋር አንተዋወቅም» አልኩ። ስናገር እንዲህ ጋልኩ፣ እንዲህ ተቆጣሁ፣ ራሴም አመንኩት። ሰዉ አጨበጨበልኝ።

ሽማግሌዎቹ ወደ ጥላዬ ዞሩ። እሱ እኔን አየኝ። ቢያጋልጠኝስ ማን ያምነው ነበር?

«ከአፌ ወጥቷል» ብቻ አለና መሰንቆውን አንግቶ ሄደ።

ሰው ሁሉ ለሸማኔ ክብር ብዬ ያባረርኩት መሰለው። ያባረርኩት ባናው እንዳይቋረጥብኝ ነው። ጠጅ ቤቱም፣ ሠርግ ደጋሹም እኔን አይቶ በሩን ዘጋበት። በኋላ ዓለም ከተማ ውስጥ አውቶቡስ ላይ ዕቃ ሲጭን አገኘሁት። «እንደምን ዋሉ፣ ጋሼ?» አለኝ። እኔ፣ ስሙን የሸጥኩት እኔ፣ እንዳልሰማ ሆኜ አለፍኩ። እዚያው እንደ ሞተ ሰማሁ።

ወልዴስ? ምርጥ ባና በስጦታ ይዞ መጣ። «ለኛ የቆመልን እርስዎ ብቻ ነዎት» አለና የልጁ የክርስትና አባት እንድሆን ለመነኝ። እምቢ አልኩ? አላልኩም። ሕፃኑን ታቅፌ በቅዱሱ ስፍራ ቆምኩ። ያ ሕፃን አድጎ፣ ዛሬም በየበዓሉ ጉልበቴን ይስማል።

ዘመኑ እንዲያ ነበር ልበል? ዘመኑ ለጥላዬ ግጥም አልሰጠውም። የሰጠሁት እኔ ነኝ።

አበ ልጄ ወልዴ፣ ሚስትህን ገበያ መሐል ያስለቀስኳት እኔ ነኝ። ስምህን ጠርቼ ጅብ ያሰኘሁህ እኔ ነኝ። ይቅር በለኝ። ይህን ሰምተህ በርህን ብትዘጋብኝ አልቀየምህም። የጥላዬን ስም ግን ከእንግዲህ በደግ አንሣው፤ የኔን ብትፈልግ አታንሣው።